ዲሲ ዙሪያ ቤት ፍለጋ፦ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ ወይስ ዳላስ?

ቤተሰብ ይዞ አሜሪካ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኪራይ ስንት ነው?" ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእሱ ብቻ መወሰን ግን ጣጣ አለው። ኪራይ ረከሰልኝ ብሎ ራቅ ያለ ቦታ የገባ ቤተሰብ፣ ዓመት ሳይሞላው ሁለት መኪና፣ ሁለት ኢንሹራንስና የዴይኬር (የሕፃናት ማቆያ) ክፍያ ተሸክሞ ታገኙታላችሁ። የረከሰው ቤት የትኛው እንደነበር ያኔ ነው የሚታወቀው።

ስለ ቪዛ እዚህ አላወራም፤ እሱ የራሱ ዓለም አለው። የማወዳድረው ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያውን ነው። አሜሪካ ውስጥ ሀበሻ በብዛት የሚኖረው እዚህ ነው፤ አዲስ መጤውም መጀመሪያ የሚያርፈው እዚሁ አካባቢ ያለ ዘመድ ዘንድ ነው። ዳላስና ዴንቨር "እዚያ ይሻላል" እየተባሉ ስለሚነሱ እነሱንም በአጭሩ አያቸዋለሁ።

ከቦታው በፊት፦ ማን ያከራያችኋል?

ትልልቆቹ አፓርትመንቶች ሦስት ነገር ያያሉ፦ ገቢ፣ ክሬዲት (ዕዳን በወቅቱ የመክፈል ታሪክ)፣ የኪራይ ታሪክ። አዲስ መጤ ሦስቱም የሉትም። ስለ ገቢ የተለመደው ደንብ የኪራዩ ሦስት እጥፍ ነው። ኪራዩ 2,200 ዶላር ከሆነ ቤተሰቡ ከግብር በፊት በወር 6,600 ዶላር ማስገባት አለበት ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ (ካውንቲ ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር ነው) የትልልቅ ድርጅቶች ዝቅተኛ ደመወዝ በሐምሌ 2025 በሰዓት 17.65 ዶላር ነበር። ባልና ሚስት ሁለቱም በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠሩ በወር 6,120 ዶላር ገደማ ይመጣል። ለሦስት እጥፉ ወደ 500 ዶላር ይጎድላል። ቨርጂኒያ ላይ በ2025 ዝቅተኛው 12.41 ዶላር ስለነበር የሁለት ሰው ገቢ 4,300 አካባቢ ነው። እርግጥ ብዙ ሥራ ከዝቅተኛው በላይ ይከፍላል። ግን አንዳችሁ ልጅ ይዛችሁ ቤት የምትቀመጡ ከሆነ ሒሳቡ በአንድ ደመወዝ ነው የሚሠራው፤ ያኔ ትልልቆቹ ሕንፃዎች በራቸውን ይዘጋሉ።

ክሬዲቱ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ገንዘብ አስይዛችሁ የምታወጡትን ክሬዲት ካርድ በመጀመሪያው ወር ብትወስዱ እንኳ ነጥብ የሚታየው ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። ያም ሆኖ ዛሬውኑ አውጡት።

ያለው መውጫ ዋስ ነው። እዚህም ዋስ አለ፤ ነገር ግን ብዙ ሕንፃዎች ከዋሱ ከተከራዩ የበለጠ ገቢ ይጠይቃሉ፣ የኪራዩን አራት ወይም አምስት እጥፍ። ዘመድ "እፈርማለሁ" ቢል እንኳ ገቢው ላይበቃ ይችላል። ይሉኝታ ይዞት እሺ ያለ ሰውም አለ፤ እናንተ ኪራይ ስታሳልፉ ዕዳው ወደ እሱ እንደሚሄድ በግልጽ ንገሩት። እኔ በበኩሌ የዋስ ጉዳይ አውሮፕላን ከመሳፈር በፊት በስልክ ቁርጡ መታወቅ አለበት ባይ ነኝ። መጥቶ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ መጠየቅ ለሁለቱም ወገን ከባድ ነው።

አሁን ዲፖዚት፣ ለአከራዩ በመያዣነት የሚሰጠው ገንዘብ። ሜሪላንድ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መቀበልን ከልክላለች። ዲሲም አንድ ወር ነው። ቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ትፈቅዳለች። ቴክሳስ ጣሪያ የላትም። በ2,200 ዶላር ኪራይ ለመግባት ሜሪላንድ ላይ 4,400 ያስፈልጋችኋል፤ ቨርጂኒያ ላይ እስከ 6,600 ሊደርስ ይችላል። ሜሪላንድ የተሻለች ትመስላለች፣ ለኪሳችሁም ትሻላለች። ግን ሌላ ጎን አለው። ቨርጂኒያ ላይ ክሬዲት የሌለው ሰው "የሁለት ወር ዲፖዚት ልስጥና አስገቡኝ" ብሎ መደራደር ይችላል። ሜሪላንድ ላይ አከራዩ ቢፈልግም መቀበል አይችልም፤ ስለዚህ ዋስ ይላችኋል። ጥሬ ገንዘብ ይዞ ዋስ የሌለው ቤተሰብ ለቨርጂኒያ ይቀርባል። ዋስ ያለውና ገንዘቡ የሳሳው ለሜሪላንድ።

ስለ ጥሬ ገንዘብ ካነሳን፣ ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ የሚገባ ጉምሩክ ላይ ማሳወቅ አለበት። አብሮ የሚጓዝ ቤተሰብ በአንድነት ነው የሚቆጠረው፤ ለሚስትና ለልጆች አካፍሎ መያዝ አያድንም። መያዙ ወንጀል አይደለም፣ አለማሳወቁ ነው ጣጣው።

ዘመድ ቤት፣ ቤዝመንት ወይስ አፓርትመንት?

ዘመድ ቤት ማረፍ የማይቀር ነው፣ ለጥቂት ሳምንትም ጥሩ ነው። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርዱ (የሥራና የግብር መለያ ቁጥር ያለበት) እስኪመጣ፣ ሥራ እስኪገኝ አድራሻ ያስፈልጋል። ግን ዘመዳችሁ ራሱ ተከራይ ከሆነ የእሱ ሊዝ (የኪራይ ውሉ) እንግዳ ስንት ቀን እንደሚያሳድር ወስኖ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሳምንት የሚሉ ብዙ ናቸው። አምስት ሰው ይዞ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ሦስት ወር መክረም ዘመዱን ከአከራዩ ጋር ያጣላዋል። የሰው ብዛትም ይታያል፦ ብዙ ሕንፃዎች በአንድ መኝታ ሁለት ሰው ብለው ስለሚነሱ፣ ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ባለ ሁለት መኝታ ጠይቆ "ባለ ሦስት ውሰዱ" ሊባል ይችላል። ኪራዩን ስታሰሉ ይህንን አትርሱ።

ቀጥሎ የሚመጣው ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ያለው ምድር ቤት ነው። የሀበሻ ቤት ቤዝመንት ለአዲስ መጤ ትልቅ ውለታ ነው። ክሬዲት አይጠየቅም። መብራት፣ ውኃና ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ከኪራዩ ጋር ነው። ባለቤቷ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ታሳያችኋለች፣ የት ሥራ እንዳለ ትነግራችኋለች። በዋጋም ከአፓርትመንት ይረክሳል።

እንከኑም ብዙ ነው። ስታዩት ቀን ላይ እዩት። መጀመሪያ መኝታው ክፍል ግቡና መስኮቱን ክፈቱ። ቁልፉ ዝጎ ካልተከፈተ ወይም ላዩ ላይ ብረት ተበይዶበት ከሆነ ተዉት። በተለመደው የግንባታ ደንብ የቤዝመንት መኝታ ቤት እሳት ሲነሳ መውጫ የሚሆን መስኮት ወይም በር ሊኖረው ይገባል፦ ሲከፈት ስፋቱ ቢያንስ 51፣ ቁመቱ ቢያንስ 61 ሳንቲ ሜትር፣ ከወለሉ ያለው ከፍታ ደግሞ ከ112 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ። በቁመቱም በወርዱም ዝቅተኛው ላይ የሆነ መስኮት ግን ጠቅላላ ክፍተቱ (ቁመቱ በወርዱ ተባዝቶ) ስለማይበቃ ከሁለቱ አንዱ ከፍ ማለት አለበት። ሜትር መያዝ አያስፈልግም፤ ትልቁ ልጃችሁ ወንበር ሳይረገጥ ሾልኮ መውጣት ይችል እንደሆነ አስቡ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ግድግዳው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ እዩ። ቀለሙ ያበጠ ወይም የተላጠ ከሆነ፣ ምንጣፉ ጥግ ላይ ከጠቆረ ውኃ ይገባል ማለት ነው። እርጥበት የሚመጥ ማሽን በብርዱ ወራት ሲሠራ ካገኛችሁ በሙቀቱ ጊዜ ምን እንደሚመስል አስቡት። የዚህ አገር ከባድ ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ውስጥ ነው የሚመጣው። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ እዚያው ላይ ጉዳዩ ያልቃል።

ሁለተኛው የቤዝመንት ችግር ወረቀት ነው። አብዛኛው በቃል ነው የሚከራየው፣ ክፍያውም በእጅ። "በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል?" የሚል ሰው ይኖራል። ያደርጋል። ልጅ ለማስመዝገብ የነዋሪነት ማስረጃ ትጠየቃላችሁ፤ ሊዝና የመብራት ሒሳብ። በስማችሁ ሁለቱም ከሌለ ባለቤቱ እዚያ እንደምትኖሩ ፈርሞ ማረጋገጫ መስጠት አለበት። ቤቱን ሳያስፈቅድ የሚያከራይ ሰው ደግሞ መፈረም ይፈራል። ዲሲም ሞንትጎመሪ ካውንቲም የኪራይ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ለትምህርት ቤት ይፈርሙልኛል?" መልሱ ስለ ቤቱ ብዙ ይነግራችኋል። ሊዙ አንድ ገጽም ቢሆን ይጻፍ፤ ኪራዩ በቼክ ይከፈል። ዓመት ቆይታችሁ አፓርትመንት ስትጠይቁ ብቸኛው የኪራይ ታሪካችሁ እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መብት እወቁ። አቅም አንሶት ወይም ቤት አጥቶ ሰው ቤት ተደርቦ የሚኖር ቤተሰብ ልጅ፣ ማኪኒ-ቬንቶ በሚባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ማስረጃ ባይሟላም ወዲያው ትምህርት ቤት የመግባት መብት አለው። በአካባቢው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ውስጥ ይህንን የሚከታተል ሠራተኛ አለ፤ ጠይቁ።

አፓርትመንት ይከብዳል፣ ግን ሕጉ የሚያግዛችሁ እዚያ ነው። ለምሳሌ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የኪራይ ጭማሪ ገደብ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ አይጨመርም። ከ23 ዓመት ያነሰ ዕድሜ ያላቸው ሕንፃዎች ግን አይገቡበትም። አንድ ሁለት ቤት ብቻ የሚያከራይ ግለሰብም አይገባም፤ የሀበሻው ቤዝመንት ከሕጉ ውጭ ነው ማለት ነው። እንግዲህ አዲሱ አብረቅራቂ ሕንፃ የመጀመሪያውን ወር ነጻ ብሎ ሲጠራችሁ፣ በሁለተኛው ዓመት የፈለገውን መጨመር እንደሚችል አስታውሱ። ጡብ የሆነው፣ ሊፍት የሌለው፣ የ1960ዎቹ ሕንፃ ለቤተሰብ ይሻላል። ደረጃው ያደክማል እንጂ ኪራዩ አያስደነግጥም።

ሦስቱ ጎረቤቶች

*ሜሪላንድ።* ሲልቨር ስፕሪንግ መሐሉ ሜትሮ (የከተማ ባቡር) አለው፣ የሀበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ በእግር ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ወደ ዊተን፣ ግሌንሞንት ወይም በመንገድ 29 ወደ ኋይት ኦክና ብሪግስ ቼኒ ስትወጡ ኪራዩ እየቀለለ ይሄዳል። በመንገድ 29 ላይ ፍላሽ የሚባለው ፈጣን አውቶቡስ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ ይወስዳል። የካውንቲው አውቶቡስ ራይድ ኦን ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ነጻ ነው። ሌላው ጥቅም ቋንቋ ነው፤ የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጆች ከሚጽፉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ ላልገባት እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንከኑ ግብር ነው። ካውንቲው ከስቴቱ በላይ 3.2 በመቶ የገቢ ግብር ይጨምራል።

*ቨርጂኒያ።* አሌክሳንድሪያ ምዕራብ በኩል፣ ሴሚናሪ ሮድና ቦሬጋርድ፣ ከዚያ ወረድ ብሎ ቤይሊስ ክሮስሮድስ የሀበሻ ሰፈር ነው። ሬገን ኤርፖርት ለሚሠራ ሰው ቅርብ ነው። የአሌክሳንድሪያ ዳሽ አውቶቡስ ከ2021 ጀምሮ ነጻ ነው። ለቤተሰብ የምወድላት ሌላ ነገር አለ፦ ከተማዋ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ነው ያላት። በከተማዋ ውስጥ ቤት ብትቀያይሩም የ10ኛ ክፍል ልጃችሁ ጓደኞቿን ትታ አትሄድም። በሌሎቹ አካባቢዎች ትምህርት ቤት የሚወሰነው በአድራሻ ስለሆነ ሁለት መንገድ መሻገር ብቻ ልጅን ሊያዘዋውር ይችላል።

ቨርጂኒያ ላይ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ የለም። ሊዙ ሲያልቅ አከራዩ የፈለገውን ሊጠይቅ ይችላል። መኪና ካላችሁ ደግሞ በየዓመቱ በመኪናው ግምት ላይ ግብር ትከፍላላችሁ፤ ሜሪላንድ ላይ ይህ የለም። መኪናውም አይቀርም። ኤርፖርት ሺፍት ሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ በእነሱ 4 ሰዓት ማለት ነው። ሜትሮ ደግሞ በሥራ ቀን የሚነሳው ንጋት 11 ሰዓት ነው። ያንን ሺፍት በባቡር መድረስ አይቻልም። በየቀኑ ኡበር ብትሉ የሰዓት ክፍያችሁ መንገድ ላይ ይቀራል። አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው የመኪና ኢንሹራንስ ደግሞ ውድ ነው፤ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ማሽከርከራችሁን ብዙ ኩባንያ አይቆጥርላችሁም።

*ዲሲ።* "ዲሲማ የማይቻል ነው" ይባላል። ኪራዩ ውድ ነው፤ እዚያ ዩ ስትሪት አካባቢ የነበረው ሀበሻ ወደ ዳር የወጣው በከንቱ አይደለም። ግን የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ላለው ቤተሰብ ሒሳቡ ይገለበጣል። ዲሲ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ነጻ የመንግሥት ቅድመ መደበኛ ትምህርት አላት፤ ቦታው በዕጣ ነው የሚመደበው፣ ነዋሪ መሆንም ግድ ነው። በዚህ አካባቢ ለትንሽ ልጅ ዴይኬር በወር 2,000 ዶላር አካባቢ የሚጠይቁ ማዕከላት ብዙ ናቸው። ኪራዩ ሜሪላንድ ላይ በ400 ዶላር ቢረክስና ለሁለት ልጅ ዴይኬር ብትከፍሉ የቱ ነው የረከሰው? የተማሪ ትራንስፖርትም ነጻ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ በሐምሌ 2025 በሰዓት 17.95 ዶላር ነበር። ከ1975 በፊት የተሠሩና አምስትና ከዚያ በላይ ቤት ባላቸው አከራዮች የተያዙ ሕንፃዎች በአብዛኛው የኪራይ ቁጥጥር አለባቸው። ሕፃን ልጅ ያለው ሰው ዲሲን ሳያሰላ ባይጥል ደስ ይለኛል። ልጆቹ ትልልቅ ከሆኑ ግን ለዋጋው ምክንያቱ ያንሳል።

ዳላስ ወይስ ዴንቨር?

ዳላስ፣ በተለይ ጋርላንድና ሪቻርድሰን አካባቢ፣ ሀበሻ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሱቅ አለ። ስቴቱ የገቢ ግብር የለውም፣ ኪራዩም ከዲሲ በግልጽ ይቀንሳል። ዝቅተኛው ደመወዝ ግን የፌዴራሉ 7.25 ዶላር ነው። መጋዘንና ኤርፖርት ከዚያ በላይ ይከፍላሉ፤ ሆኖም ከሥር የሚደግፋችሁ ሕግ የለም። ሁለቱም ወላጅ የሚሠሩ ከሆነ ሁለት መኪና ማለት ነው። በበጋ ማቀዝቀዣው ሳያቋርጥ ስለሚሠራ የመብራት ሒሳቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ክሬዲት የሌለውን ሰው የመብራት ኩባንያውም ዲፖዚት ሊጠይቀው ይችላል። ዳላስ የሚያዋጣው እዚያ ሥራ የሚያስገባና መኪና የሚያበድር የቅርብ ዘመድ ላለው ነው። ለሌላው ሁለተኛ ማረፊያ ትሁን፤ መንጃ ፈቃድና ትንሽ ቁጠባ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ዴንቨር ዙሪያ አውሮራ የሀበሻ ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ኪራዩ በዲሲና በዳላስ መካከል ነው። ዴንቨር ከተማ ውስጥ በ2025 ዝቅተኛው ደመወዝ 18.81 ዶላር ነበር፤ አውሮራ ውስጥ ኖሮ ዴንቨር መሥራት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ከአገር ሳትወጡ

የልጆቹን የክትባት ካርድ ያዙ። ለቪዛው ምርመራ ያደረጋችሁበት ክሊኒክ የሰጣችሁንም ወረቀት ኮፒ አድርጉ፤ ትምህርት ቤት ያለ ክትባት ማስረጃ ያዘገያል። ከ9ኛ ክፍል በላይ ያለ ልጅ ትራንስክሪፕት ማኅተም ያለበት ይሁን፣ የክፍል ደረጃው የሚወሰነው በእሱ ነው። የግሪን ካርዱ ማተሚያ በሰው 235 ዶላር ነው፤ ለአምስት ሰው 1,175። ብዙ ሰው ይህንን ከዲፖዚቱ ላይ ነው የሚያነሳው።

በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ያያችሁትን ቤት "ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ፣ ዲፖዚቱን ዛሬ ላኩ" የሚላችሁ ሰው ሌባ ነው። ዘመድ ሄዶ በር ከፍቶ ገብቶ በቪዲዮ ካላሳያችሁ ሳንቲም አትላኩ።

የመጨረሻው የሊዙ ማብቂያ ወር ነው። በጥቅምት የገባ ሰው የአንድ ዓመት ሊዝ ከፈረመ በጥቅምት ይለቃል፤ ልጆቹ ትምህርት ከጀመሩ ሁለት ወር ገደማ ቢሆናቸው ነው። ስትፈርሙ "የ9 ወር ወይም የ21 ወር አድርጉልኝ" በሉ። ብዙ ሕንፃዎች እሺ ይላሉ፣ አንዳንዴ በወር ጥቂት ዶላር ጨምረው። ሊዙ በሐምሌ ካለቀ ቤት የምትፈልጉት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ ነው፣ ልጆቹም የትምህርት ዓመቱን በአዲሱ ትምህርት ቤት ከሌላው ተማሪ ጋር እኩል ይጀምራሉ።